የእቁቡ ዕጣና የስልኩ ትኬት

ማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፑን የከፈተው ያገለገሉ የመማሪያ መጻሕፍት ለመለዋወጥ፣ ዱርንፎንቴን አካባቢ ክፍል ለሚፈልግ አዲስ ተማሪ ለመጠቆምና የበዓል ምሳ ለማስተባበር ነበር። ቀደም ብላችሁ የተመረቃችሁ ታስታውሱት ይሆናል። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ስትከፍቱት የምታገኙት ሌላ ነው። «ኮድ ያለው ይልቀቅ»፣ «የዛሬዋ ስምንት ጌም አስተማማኝ ናት»፣ «በአንድ ጌም ተበላሁ እኮ!»፣ ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶች። ማታ ላይ ግሩፑ ጸጥ ይላል። ጸጥታው ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ለማታውቁት ላስረዳ። «ኮድ» ማለት አንድ ሰው ስልኩ ላይ ያዘጋጀው የውርርድ ትኬት አጭር መለያ ነው። የተቀበለው ሰው አፑ ላይ ሲያስገባው ያው ትኬት እንዳለ ይመጣለታል። የሚቀረው የገንዘቡን መጠን ጽፎ መጫን ብቻ ነው። ማን ከማን እንደሚጫወት ማወቅም አያስፈልግም። አንድ የክፍላችን ልጅ የፊንላንድ ዝቅተኛ ዲቪዚዮን ላይ ገንዘብ አስይዞ የቡድኖቹን ስም ማንበብ ሲያቅተው እኔን ጠይቆኛል። እኔም አልቻልኩም።

ይህን የምጽፈው ስለ ሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛው ይኸው ግሩፕ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለዘንድሮው የእግር ኳስ ውድድራችን አንድ የውርርድ ድርጅት ወኪል «ማሊያ ላልብሳችሁ» ብሎ መምጣቱና ኮሚቴው እስካሁን መልስ አለመስጠቱ ነው። መልሱ «አይሆንም» መሆን አለበት ባይ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ «ሰባኪ መጣችብን» የሚለኝ አይጠፋም። እዚህ የማነሳው ግን ሒሳብና ነርሲንግ ነው።

«ሴት ነሽ፣ ኳስ ምን ታውቂያለሽ» የሚለውንም ከወዲሁ እንተወው። ከካምፓሳችን ጎን ኤሊስ ፓርክ ነው፤ ጨዋታ ባለበት ቀን ጩኸቱ ላይብረሪ ድረስ ይገባል። እኔ የኦርላንዶ ፓይሬትስ ደጋፊ ነኝ። አባቴ የአርሰናል ነው፣ ስለዚህ በቤታችን ትዕግሥትን የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም። ኳስ የምወድ ስለሆነም ነው ነገሩ የሚያናድደኝ። የደቡብ አፍሪካ የወንዶች ዋና ሊግ ከ2024 ጀምሮ የሚጠራው በአንድ የውርርድ ድርጅት ስም ነው፣ ቤትዌይ ፕሪሚየርሺፕ። የሴቶቹም ሊግ እንደዚያው በሌላ የውርርድ ድርጅት ስም ሆሊውድቤትስ ሱፐር ሊግ ይባላል። የስምንት ዓመት ወንድሜ ውጤት ሲነግረኝ የአቋማሪ ድርጅት ስም አብሮ ይጠራል፤ ድርጅት መሆኑን እንኳ አያውቅም።

ስለ ስም ካነሳሁ፣ አማርኛችንም እንዴት እንደተሸወደ ልብ በሉ። ማንም «ቁማር ተጫወትኩ» አይልም። ቁማርተኛ ከባድ ቃል ነው፤ ለቁማርተኛ ሰው ልጁን አይድርም፣ ዋስም አይሆነውም። «ቤት» ግን ቀላል ነው። «ቤት ቆረጥኩ»፣ «ቤቱ ገባልኝ»። እናቴ አንድ ዘመዳችን በስልክ «ትናንት በሦስት ሺህ ራንድ ቤቱ ገባልኝ» ሲል ሰምታ፣ በዚህ ዋጋ የትኛው ሰፈር ኪራይ ቤት እንደተገኘ ልትጠይቀው ተነሥታ ነበር። ብንስቅም ቃሉ ያመጣው ጥቅም አለ። በድሮው ስሙ ቢጠራ ግሩፑ ላይ በግልጽ «ቁማር ያለው ይልቀቅ» ብሎ የሚጽፍ አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ፈርማኮሎጂ የምናሰላ ሰዎች ይህ አይከብደንም።

ሁለቱ ወገን ፍጹም እኩል ዕድል ያላቸው ጨዋታ አስቡ፤ እንደ ሳንቲም። ትክክለኛው ኦድ 2.00 ነው፤ 10 ራንድ አስይዞ የገባለት ሰው 20 ይወስዳል። ድርጅቱ ግን ለሁለቱም ወገን 1.90 ያወጣል። ያቺ 10 ሳንቲም ትንሽ ትመስላለች። በአንድ ጨዋታ ከመቶ አምስት ብቻ ናት። የእኛ ልጆች ግን አንድ ጨዋታ አይቆርጡም፤ ስምንት ይደራርባሉ። ስምንቱን በ1.90 ስታባዙት ወደ 170 እጥፍ ይመጣል። 20 ራንድ 3,396 ራንድ ይሆናል ማለት ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚያበራው ይህ ቁጥር ነው። ስምንት ሳንቲም በተከታታይ በፈለጋችሁት ወገን የመውደቅ ዕድሉ ግን ከ256 አንድ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ዋጋ 5,120 ራንድ መሆን ነበረበት። ትኬቱ ቢገባላችሁ እንኳ 1,724 ራንድ ሳታዩት ቀርቷል። የአምስት በመቶዋ ቅናሽ ስምንት ጊዜ ስትደራረብ ወደ 34 በመቶ አድጋለች። ብዙ ጌም መደራረብ ድርጅቶቹ የሚያበረታቱት፣ «ቦነስ» የሚጨምሩበትም ለዚህ ነው።

«በአንድ ጌም ተበላሁ» የሚለውን ደግሞ እንየው፤ ከሁሉ የሚገርመኝ እሱ ነው። ከስምንት ሳንቲም ሰባቱ ትክክል ሆነው አንዱ ብቻ የሚስትበት መንገድ ስንት ነው? ስምንት። ሁሉም ትክክል የሚሆንበት ግን አንድ ብቻ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ድል ፊት በአማካይ ስምንት «ለጥቂት» አለ። በየቀኑ አንድ ትኬት የሚቆርጥ ሰው በወር አንዴ ያህል በአንድ ጌም ይበላል፤ የሚገባለት ግን በአማካይ በስምንት ወር ተኩል አንዴ ነው። ያ ሰው ግን «እየተቃረብኩ ነው» ብሎ ያምናል። አልተቃረበም። ሳንቲሟ ትናንት የወደቀችበትን አታስታውስም።

እዚህ ላይ ነርሲንጉ ይገባል። በ2009 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ሰዎች በጨዋታ ማሽን ለጥቂት ሲስቱ አንጎላቸውን በምስል አይተው ነበር። ለጥቂት መሳት ደስ የማያሰኝ ቢሆንም፣ ሲያሸንፉ የሚነቃው የአንጎል ክፍል ያኔም ይነቃል፤ እንደገና የመጫወት ፍላጎትም ይጨምራል። አንጎል «ተሸነፍክ» የሚለውን «ልታገኝ ነው» ብሎ ያነበዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 መመዘኛ መጽሐፉን ሲያድስ የቁማር ሕመምን ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምዕራፍ ያስቀመጠው በዋዛ አይደለም። ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጡ ዶፓሚንን የሚተኩ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ፕራሚፔክሶል፣ በሕይወታቸው ካርታ ነክተው የማያውቁ አዛውንትን ቁማርተኛ ሊያደርጉ እንደሚችሉ ስንማር ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን የገባኝ ያኔ ነው። አንዲት ክኒን የምታመጣውን ነገር «የምግባር ብልሹነት» ብቻ ብለን ልንዘጋው አንችልም።

ስለ ሕመምተኞች አልጽፍም፤ አይፈቀድም፣ ባይከለከልም አላደርገውም። አንድ ጠቃሚ ነገር ግን ከትምህርቱ ላካፍላችሁ። በ1997 የወጣ፣ ሁለት ጥያቄ ብቻ ያለው የመጀመሪያ መለያ አለ። የመጀመሪያው፦ የምታስይዘውን ገንዘብ እየጨመሩ የመሄድ ፍላጎት ተሰምቶህ ያውቃል? ሁለተኛው፦ ምን ያህል እንደምትጫወት ለቅርብ ሰዎችህ መዋሸት ግድ ሆኖብህ ያውቃል? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ያለ ሰው ቀረብ ብሎ ሊመረመር ይገባል። ሁለተኛው ጥያቄ ለእኛ ማኅበረሰብ ተለክቶ የተሰፋ ይመስለኛል። ሆሳዕና ላለች እናት «በዚህ ወር ሥራ ቀዝቅዟል» ተብሎ የሚላክ የድምፅ መልእክት ስንቱ ነው?

ኳሱስ ቢያንስ ዘጠና ደቂቃ ያስጠብቃል። አፑ ውስጥ ከኳሱ ጎን የተቀመጠችው አውሮፕላን ግን አታስጠብቅም። አቪዬተር የጆርጂያ ኩባንያ የሠራው ጨዋታ ነው፤ አውሮፕላኗ ስትወጣ ብዜቱ ያድጋል፣ ሳትጠፋ በፊት መጫን ነው። ሠሪው ከሚገባው ገንዘብ 97 በመቶው ለተጫዋቾች ይመለሳል ይላል፤ ይህም ቸርነት ይመስላል። ነገር ግን አንዱ ዙር የሚያልቀው በሰከንዶች ነው። 200 ራንድ ይዞ የገባ ልጅ የተመለሰለትን መልሶ ያስይዛል፣ ያንንም መልሶ። ገንዘቡ በወፍጮ ውስጥ እንደሚመላለስ እህል ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት በመቶ ይፈጫል፣ እስኪያልቅ ይመላለሳል። የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የቁማር ቦርድ ለ2023/24 በጀት ዓመት ያወጣው አኃዝ የሚገባን በዚህ ነው። በአጠቃላይ የተያዘው ገንዘብ ከ1.1 ትሪሊዮን ራንድ በላይ ነው፤ ተጫዋቾች የከሰሩት ደግሞ ከ59 ቢሊዮን በላይ። ትሪሊዮኑ ያው ገንዘብ ደጋግሞ ሲዞር የተቆጠረ ነው። ቢሊዮኑ ግን ከሰው ኪስ ወጥቶ የቀረ ነው፣ ከዚያ ውስጥም ከግማሽ በላይ የሄደው በካሲኖ ሳይሆን በውርርድ ነው።

ሕጉስ ብትሉ፣ ደቡብ አፍሪካ በ2004 ዓዋጇ የስፖርት ውርርድን ፈቃድ ላለው ድርጅት ትፈቅዳለች፤ የኢንተርኔት ካሲኖን ግን አልፈቀደችም። ይፈቀድ የሚለው የ2008 ማሻሻያ ጸድቆ ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቷል። አቪዬተርና መሰሎቹ በስልካችን ያሉት በክፍለ ሀገር የውርርድ ፈቃድ ተጠልለው ነው። ይህን ለሕግ ተማሪዎቻችን እተወዋለሁ፤ ጥሩ የመመረቂያ ርዕስ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ከካምፓሳችን በእግር የሚደረስባት ጄፒ፣ ማለትም የድሮው ጄፒ ስትሪት የአሁኑ ራሂማ ሙሳ መንገድና ዙሪያው፣ አብዛኞቻችንን ያሳደገች ናት። የትምህርት ክፍያችን ከዚያ ብርድ ልብስና ጫማ ሽያጭ ወጥቷል። ከጄፒ ዕቃ እየጫነ ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ የከፈተው ወገናችንም ብዙ ነው። የሎኬሽን ሱቅ ሕይወት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፤ ጠዋት በጨለማ ተከፍቶ ማታ በጨለማ ይዘጋል፣ ሻጩ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ነው የሚውለው፣ የሚያድረውም እዚያው። መውጣት ያስፈራል። የጥገኝነት ወረቀቱ መታደስ አለበት፣ ባንክ ሒሳብ መክፈት አስቸጋሪ ነው፣ ለደላላ የተበደረው ዕዳ አገር ቤት ይጠብቃል። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ያለው ጓደኛ ስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውየውን «ስግብግብ» የሚለው ሰው ሎኬሽን አንድ ሌሊት አድሮ ይምጣ እላለሁ። ገንዘቡ እንዳለ ሆኖ፣ የሚገዛው ነገር ነገ ሌላ ቀን ሊሆን ይችላል የሚል ስሜት ጭምር ነው።

ግን አንድ የማንወራው ነገር አለ። በዚያው ሱቅ የስልክ ካርድና የመብራት ቁጥር በሚያወጣው ማሽን የውርርድ ቫውቸርም ይወጣል። ባንክ የሌለው ሰው ጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ቁጥር ይቀበላል፣ ቁጥሩን አፑ ላይ ያስገባል። የእርዳታ ገንዘብ በሚከፈልበት ሳምንት ሰልፉን አይቼዋለሁ፤ ቅዳሜና በዕረፍት ጊዜ የዘመዶቼን ሱቅ አግዛለሁ። መንግሥት ሥራ ለሌላቸው የሚሰጠው በወር 370 ራንድ ነው። ከዚያች ላይ 50 ራንድ ለዳቦና ለዘይት፣ 100 ራንድ ለቫውቸር የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ለሱቁ የሚደርሰው ኮሚሽን ጥቂት ሳንቲም ነው። አንድ ትልቅ ሰው ለምን እንደሚሸጡ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ እኔ ባልሸጥለት ማዶ ካለው ይገዛል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። «ጋሼ፣ ታዲያ ማታ ማሽኑ የሚያወጣው ለማን ነው?» አልኳቸው፤ ተቀጣሪያቸው ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ለራሱ ቫውቸር እያወጣ የዕቃ መግዣውን እንደጨረሰ ጄፒ ሁሉ ያውቃል። ዝም አሉ። ማሽኑን ግን አላነሱትም።

ሌላም አለ። ሰነድ የሌለው ሰው አፑ ላይ በራሱ ስም መመዝገብ ስለሚቸግረው በሌላ ሰው መታወቂያ ይከፍታል። ገንዘብ ለማስገባት ማንም ስም አይጠይቀውም፤ ቫውቸሩ ይበቃል። ቢገባለት ግን ገንዘቡ የሚወጣው በባለ መታወቂያው ባንክ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጭቅጭቅ ጄፒ የቡና ወሬ ላይ ታገኙታላችሁ።

ርዕሴ ላይ ስለ እቁብ ጽፌአለሁና ወደዚያ ልምጣ። አንድ የማውቀው ልጅ 20 ሰው ያለበት፣ በወር 2,000 ራንድ የሚጣልበት እቁብ ውስጥ ገባ። በአራተኛው ወር ዕጣው ወጣለትና 40,000 ራንድ ተቀበለ። የራሱን ሱቅ ሊከፍትበት ነበር፤ ቦታ ሁሉ አይቶ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ስልኩ በላው። ቀሪ 16 ወር፣ 32,000 ራንድ መጣል ነበረበት። ሦስት ወር ጣለ፣ ከዚያ ስልኩ ጠፋ፣ ሰውየው ኬፕታውን ሄደ ተባለ። የቀረው 26,000 ራንድ ያረፈው ዋስ በሆኑት ሴት ላይ ነው። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴት ናቸው። ዋስ የሆኑት የአገሬ ልጅ ነው ብለው ነው። እኔ ይህን ስጽፍም በየወሩ እየከፈሉ ነው።

እኔ እቁብን ሳስብ የሚደንቀኝ እሱም ዕጣ መሆኑ ነው። ኮፍያ ውስጥ ወረቀት ይገባል፣ ልብ ይመታል፣ ስም ይነበባል፣ ይጨበጨባል። ደስታው ከቤቲንግ አያንስም። ግን በዕጣ የሚወሰነው ተራ ብቻ ነው። ሃያውም ሰው 40,000 ይጥላል፣ ሃያውም 40,000 ይወስዳል። የሚሸነፍ የለም። ወላጆቻችን የሰውን የዕድል ጉጉት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ያንን ጉጉት ለቁጠባ ሥራ አስገቡት። ስልኩ ያንኑ ጉጉት ይዞ ነው የሚመጣው፣ ግን ኮፍያውን የያዘው ሰው አይታወቅም፣ ጎረቤትም አይደለም፣ ዋስም አይጠራም። አገር ቤት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ለአንድ ሰው ነበር። እዚህ የብብቱ የሌላ ሰው ጭምር ነው።

«ያሸነፉስ?» ትሉኛላችሁ። አሉ። የአንዱ ትኬት ፎቶ ግሩፑን ሦስት ቀን ያሞቀዋል። የተበሉት 200 ትኬቶች ፎቶ አይነሱም። ከዚህም የባሰው ግን «ፊክስድ ጨዋታ አለኝ» የሚለው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ለ64 ሰው ለግማሹ «ሀ ያሸንፋል»፣ ለግማሹ «ለ ያሸንፋል» ይልካል። የተሳሳተባቸውን 32 ይተዋል፣ ከቀሩት ጋር ይደግመዋል። ከሦስት ጨዋታ በኋላ ሦስቴ በተከታታይ ትክክል የሆነለት ነቢይ ያገኙ ስምንት ሰዎች አሉ። አራተኛውን ከፍለው ይገዙታል። ወዳጅ ሆኖ ሊንክ የሚልክላችሁንም ጠይቁት። ብዙ ድርጅቶች በሊንኩ ከመጣው ሰው ኪሳራ ላይ ለላኪው ድርሻ ይከፍላሉ። ማለትም አንተ በተበላህ ቁጥር ጓደኛህ ይበላል። ይህን ሳያውቁ የሚልኩ እንዳሉ አምናለሁ፤ እያወቁ የሚልኩም አሉ።

ታዲያ መንግሥት ይዝጋው? እኔ በዚህ አልደነቅም። ኬንያ በ2019 የ27 ውርርድ ድርጅቶችን ፈቃድ ሳታድስ ቀርታ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ገበያው እንደገና ሞቀ። አዲስ አበባም አስተዳደሩ ውርርድ ቤቶችን በገፍ ያሸገበት ጊዜ ነበር። ሱቅ ይታሸጋል፤ ስልክ ግን በምን ይታሸጋል? እንግሊዝ ውስጥ የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ከ2025/26 ውድድር በኋላ የውርርድ ድርጅት ስም በማሊያቸው ፊት ላይ ላለማድረግ በ2023 ተስማምተዋል። እጅጌው ላይ ግን ይፈቀዳል። ግማሽ ልብ ነው፣ ግን ነገሩን ልብ በሉት። በቢሊዮን የሚያገላብጡት ክለቦች ደረታቸው ላይ ያፈሩበትን ነገር የእኛ የተማሪ ማኅበር በ56 ማሊያ ምክንያት ደረቱ ላይ ሊለጥፍ ነው።

የምጠይቀው እንግዲህ ይህ ነው። አድሚኖች፣ ኮድና ሊንክ ከግሩፑ ይውጣ። የሚፈልግ የራሱን ግሩፕ መክፈት ይችላል፣ ትልቅ ሰው ነው፤ የአዲስ ተማሪ መቀበያ ላይ ግን አይሁን። በየካቲት የሚመጣው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ክፍል ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው «12 ኦድ አስተማማኝ» መሆን የለበትም። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሕጉም ይፈቅድለታልና ከእኛ ሌላ የሚያቆመው የለም።

ተመራቂዎች፣ በተለይ ወላጆቻችሁ ሎኬሽን ሱቅ ያላቸው፣ የቫውቸሩን ነገር በቤታችሁ አንሱ። ማሽኑ ላይ የውርርድ ቫውቸሩን ብቻ አለመሸጥ ይቻላል፤ የስልክ ካርዱና መብራቱ ይቀራሉ። ቢያንስ ለተቀጣሪው ማታ እንዳይሸጥ፣ በዱቤም ለማንም እንዳይሰጥ ማድረግ ይቻላል። እኔ በዘመዶቼ ሱቅ እስካሁን ያስማማሁት በዱቤው ላይ ብቻ ነው። ቀሪውን እየተከራከርን ነው።

ቀድሞ የገባበት ሰው ደግሞ መውጫ አለው። የደቡብ አፍሪካ የኃላፊነት ቁማር ፕሮግራም ነፃ የስልክ መስመር 0800 006 008 ነው። ይደውላል፣ ምክር በነፃ ያገኛል። በ2004ቱ ዓዋጅ አንቀጽ 14 መሠረት ማንም ሰው ራሱን ከቁማር ማስወገጃ መዝገብ ማስገባት ይችላል። የሚጦራቸው ቤተሰቦቹም በፍርድ ቤት በኩል ይህን መጠየቅ ይችላሉ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ፎርሙን በአማርኛ ለማስረዳት ሁለት የሕግ ተማሪዎች ፈቃደኛ ሆነዋል፣ ስማቸውን ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ። በዚህ ምክንያት መኖር ያስጠላው፣ ሌሊት ክፉ ሐሳብ የሚመጣበት ሰው ካለ ግን ፎርም አይጠብቅ፤ ያመነውን ሰው አሁኑኑ ይጥራ፣ ወይም የቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። የቁማር ሕመምና ራስን ማጥፋት አብረው እንደሚሄዱ ተምረናል። የክፍል ጓደኛችሁ ከሦስት ሳምንት በላይ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠ፣ ምሳ መብላት ከተወ፣ «50 ራንድ አበድሪኝ፣ ነገ» ማለት ካበዛ፣ ስለ ኳስ ሳይሆን ስለ እሱ ጠይቁት።

ማሊያውን በተመለከተ፣ ጄፒ ውስጥ የሚያትሙ ሁለት ልጆች አነጋግሬአለሁ። የመደብ ስም ብቻ፣ ያለ ምንም ድርጅት ምልክት፣ እንሠራለን ብለዋል። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ይከፍላል፣ ለማይችለው ከተመራቂዎች ሁለት ሰው ቃል ገብተዋል፣ የጎደለውን የነርሲንግ ሴቶች በምግብ ሽያጭ እንሞላለን። ኮሚቴው በሚመጣው ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሰበሰባል፣ ስብሰባው ለአባላት ሁሉ ክፍት ነው። ወኪሉም ይመጣል ተብሏል። ስለ ቀለም አስቀድሜ ልናገር፣ ያለፈው ዓመት ብርቱካናማ አንድ ጊዜ ታጥቦ ሮዝ ሆኗል፤ ዘንድሮ ጥቁር ሰማያዊ ይሁን።